የማይነገርለት ወለል፦ የሴቶች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፣ የግፊት ሕግና የአሠሪዎች የጤና መድን

ስለ ልብና ስለ ሳንባ አሠራር በትምህርት ቤት እንማራለን፤ ስለ ክንድና ስለ ባት ጡንቻዎችም ስፖርት የሚወድ ሁሉ የሚያውቀው አለ። በአንጻሩ ከሆድ ዕቃችን በታች ሆነው ቀንና ሌሊት ሸክም የሚሸከሙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ስማቸው እንኳ እምብዛም አይነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጡንቻዎቹ ያሉበት ቦታ ይሉኝታ የሚያስይዝ ነው። በእነዚህ ጡንቻዎች ጉዳት ምክንያት ሲያስላት ወይም ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት ሴት ችግሯን ለባሏም ለሐኪምም ሳትናገር ዓመታትን ልታሳልፍ ትችላለች። ረጅም መንገድ መሄድ ትተዋለች፤ ከሰው መካከል መቀመጥ ትፈራለች፤ ሥራዋንም እስከ መልቀቅ ልትደርስ ትችላለች።

ችግሩ የጥቂቶች አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ ዕድሜያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቶች መካከል 23.7 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የዳሌ ወለል ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህም ከአራት ሴቶች አንዷ ማለት ይቻላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያው አገር አንዳንድ አሠሪዎች የዳሌ ወለል ሕክምናን ለሴት ሠራተኞቻቸው ከሚሰጧቸው የጤና ጥቅማ ጥቅሞች አንዱ አድርገውታል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ጡንቻዎች እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚጎዱ ከተመለከትን በኋላ፣ የሕክምናቸውን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ለምን ከባድ እንደሆነ እንመረምራለን። የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ምን አገባቸው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ነገሩ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው የግፊት፣ የመለጠጥና የጊዜ ጉዳይ ነው።

ወለሉ እንዴት ተሠራ?

የጠፍር አልጋ ያየ ሰው የዳሌን ወለል አሠራር በቀላሉ ይረዳል። በአልጋው የእንጨት ክፈፍ ላይ ጠፍሩ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ የተኛበትን ሰው ይሸከማል። በሰውነታችን ውስጥ ክፈፉ የዳሌ አጥንት ሲሆን ጠፍሮቹ ደግሞ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት እስከ ኋላው የጭራ አጥንት፣ እንዲሁም ከግራና ከቀኝ የተወጠሩ ጡንቻዎች ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው በሕክምና ስሙ ሌቫተር አናይ ይባላል፤ ሌቫተር ማለት በላቲን «አንሺ» ማለት ነው። በዚህ ጠፍር ላይ የሽንት ፊኛ፣ ማኅፀንና የትልቁ አንጀት የታችኛው ጫፍ ያርፋሉ።

ይሁንና ከጠፍር አልጋ የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጠፍሩ ሕይወት ያለው በመሆኑ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይላላም። ሁለተኛ፣ በመካከሉ ክፍተት አለው። በክፍተቱ በኩል የሽንት ቧንቧ፣ ብልትና ፊንጢጣ ያልፋሉ። በመሆኑም ወለሉ ሁለት የሚቃረኑ ሥራዎች ይጠበቁበታል። በአንድ በኩል ሸክም ተሸክሞ ክፍተቱን ዘግቶ መቆየት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሲያስፈልግ መክፈትና በወሊድ ጊዜ የሕፃን ራስ እንዲያልፍ መፍቀድ አለበት። ማንኛውም መሐንዲስ እንዲህ ያለ ጣሪያ ወይም ወለል እንዲሠራ ቢታዘዝ መጨነቁ አይቀርም።

የግፊት ነገር

ሆዳችን በአብዛኛው ውኃ ባዘሉ የአካል ክፍሎች የተሞላ ዝግ ዕቃ ነው ብለን ልንገምት እንችላለን። ክዳኑ ሳንባን ከሆድ የሚለየው ዲያፍራም፣ ግድግዳው የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች፣ መቀመጫው ደግሞ የዳሌ ወለል ነው። በፓስካል ሕግ መሠረት በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ስናስል ዲያፍራምና የሆድ ጡንቻዎች የሚፈጥሩት ግፊት ወደ ታችም ስለሚደርስ ወለሉ መመከት ይኖርበታል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሰው በቆመ ጊዜ በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት በግምት 20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በኃይል ሲያስል ግን ከ100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሊያልፍ ይችላል። 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወደ 13,300 ፓስካል ገደማ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ግፊቱን የሚቀበለው የወለሉ ስፋት 50 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ማለትም 0.005 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ግፊትን በስፋት ስናባዛ የሚገፋውን ኃይል እናገኛለን፤ ይኸውም 67 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህ ወደ 7 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነገር ክብደት ነው። በቆምንበት ጊዜ ወለሉ የሚሸከመው በዚሁ ስሌት ከ1 ኪሎ ግራም ተኩል አያልፍም። እንግዲህ አንዲት ሳል ሸክሙን ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስት እጥፍ ታደርገዋለች ማለት ነው። ከባድ ዕቃ ማንሣትና መዝለልም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

ሽንት የማያመልጠን በሽንት ቧንቧው ላይ የሚያርፈው የመዝጊያ ግፊት በፊኛው ውስጥ ካለው ግፊት ስለሚበልጥ ነው። ስናስል የፊኛው ግፊት ቢጨምርም ያው ግፊት ቧንቧውንም ከላይ ስለሚጫነው ሚዛኑ ይጠበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ከቧንቧው ሥር ጽኑ ድጋፍ እስካለ ድረስ ነው። የጽሕፈት ቤት ማኅተምን እናስብ። ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ከሆነ ማኅተሙ በደንብ ይታተማል፤ ወረቀቱ በፍራሽ ላይ ከሆነ ግን በዚያው ኃይል ብንመታው ምልክቱ ደብዝዞ ይቀራል፤ ከሥር የሚመክት ነገር የለምና። የዳሌ ወለል ሲላላ የሽንት ቧንቧው በፍራሽ ላይ እንዳለ ወረቀት ይሆናል። ሳሉ ይጫነዋል፤ ነገር ግን አይዘጋም።

በምጥ ጊዜ የሚሆነው

ወለሉን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ወሊድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሕፃን ራስ በዳሌ ወለል ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን በኮምፒውተር ሞዴል አስልተው ነበር። ባገኙት ውጤት መሠረት ከጡንቻው ክፍሎች ለመሃሉ በጣም ቅርብ የሆነው ከመጀመሪያ ርዝመቱ 3.26 እጥፍ ይለጠጣል። በሌላ አነጋገር 10 ሴንቲሜትር የነበረ ክር 32.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። በእንስሳት የእግር ጡንቻዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ጉዳት ሳይደርስ የታየው ከፍተኛ ልጠጣ ግን 1.5 እጥፍ ያህል ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ ጡንቻ በእያንዳንዱ ወሊድ የማይበጠሰው ለምንድን ነው? የእርግዝና ሆርሞኖች ሕብረ ሕዋሱን አስቀድመው ያለሰልሱታል። በተጨማሪም ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ እንደ ብረት ሽቦ አይደለም፤ በዝግታ ሲሳብ ውጥረቱ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በአብዛኞቹ እናቶች ጡንቻው ተለጥጦ ይመለሳል። በአንዳንዶቹ ግን ከአጥንቱ ጋር ከተያያዘበት ቦታ ይላቀቃል፤ ወይም የሚያዝዘው ነርቭ አብሮ ተስቦ ይጎዳል። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ጡንቻው የተወውን ሸክም ጅማቶች ይረከቡታል፤ ጅማቶች ግን ለዘለቄታ ሸክም የተሠሩ ስላልሆኑ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይረዝማሉ። በዚህም የተነሣ ከወሊድ ከብዙ ዓመታት በኋላ ማኅፀን ወይም ፊኛ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

የዶክተር ኬግል መሣሪያ

የተዳከመ ጡንቻ በሥልጠና እንደሚጠነክር ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ቀላል ሐሳብ በዳሌ ወለል ላይ በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የማኅፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ሲሆን፣ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ኬግል ጡንቻውን ማኮማተርን ብቻ አላስተማረም፤ ከግፊት መለኪያ ጋር በቱቦ የተያያዘ አየር የያዘ መሣሪያም ሠርቷል። ሴቲቱ ጡንቻዋን ስታኮማትር አየሩ ይጨመቅና የመለኪያው ቀስት ይንቀሳቀሳል። በዓይን የማይታየው ጡንቻ የሠራው ሥራ በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይነበባል ማለት ነው።

መለካት ያስፈለገው ለምንድን ነው? ይህን ጡንቻ በቃል መመሪያ ብቻ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በ47 ሴቶች ላይ በታተመ ጥናት አጭር የቃል መመሪያ ከተሰጣቸው መካከል ጡንቻውን በትክክል ያኮማተሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከአራቱ አንዷ ደግሞ ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ታምጥ ስለነበር ችግሩን ሊያባብስ የሚችል ነገር ትሠራ ነበር። ስለዚህ «በወረቀት የታተመ መመሪያ ይበቃል» የሚለው አስተያየት አያስኬድም፤ ቢያንስ በመጀመሪያ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ መኖር አለበት።

ሥልጠናው በባለሙያ ክትትል ሲሰጥ ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ፣ በሳልና በእንቅስቃሴ ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ሥልጠናውን ከወሰዱት 56 በመቶ የሚሆኑት እንደዳኑ ሲናገሩ ካልወሰዱት ግን 6 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ዘግቧል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ሥልጠናው ቢያንስ 3 ወር እንዲቆይና በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ 8 ማኮማተር እንዲሠራ ይመክራል። ይህም በቀን 24፣ በ90 ቀን 2,160 ማኮማተር ነው። መድኃኒት የለውም፤ ቢላዋም የለውም።

ከፋዩ ማን ነው?

መፍትሔው ይህን ያህል ርካሽ ከሆነ ለምን ሁሉም አያገኘውም? ለዚህ መልስ ለመስጠት አሜሪካን እንውሰድ፤ በዚያ አገር የጤና መድን ከሥራ ጋር የተቆራኘ ነውና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣ ሕግ ደመወዝ እንዳይጨምር ሲገድብ የጤና መድንን ግን ከገደቡ ነጻ አደረገው። አሠሪዎችም ሠራተኛ ለመሳብ መድን መስጠት ጀመሩ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግም አሠሪው ለመድኑ የሚከፍለው ገንዘብ በሠራተኛው ላይ ግብር እንዳይታሰብበት አጸና። ዛሬ ወደ 150 ሚሊዮን የሚሆኑ አሜሪካውያን የጤና መድን የሚያገኙት በራሳቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል አሠሪ በኩል ነው። በዚያ አገር ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶችም የሚተዳደሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ታላላቅ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ፤ የመድን ድርጅቱ ሒሳቡን ያስተዳድርላቸዋል እንጂ። እንዲህ ያሉት ዕቅዶች እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደሩ በየክፍለ ግዛቱ የሚወጡት የመድን ሕጎች በአብዛኛው አይነኳቸውም። በመሆኑም አንዲት እናት ስንት ጊዜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደምትሄድ፣ በእያንዳንዱ ጉብኝት ምን ያህል ከኪሷ እንደምትጨምርና የዳሌ ወለል ሥልጠና ከአገልግሎቶቹ ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ ወይም እንደማይገባ በመወሰን ረገድ አሠሪው ትልቅ ድርሻ አለው።

እርግጥ ነው፣ ሕግ ጨርሶ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ መድን የሚሰጥ ከሆነ እርግዝናንና ወሊድን እንደ ሌሎች የጤና ሁኔታዎች እንዲሸፍን ያስገድዳል። ይሁንና ልጁ በሰላም ከተወለደ በኋላ የእናቲቱ ክትትል ለረጅም ዘመን በስድስተኛው ሳምንት በሚደረግ አንድ ጉብኝት ያበቃ ነበር። የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 ባወጣው ምክር ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንዲጀምርና ሙሉው ምርመራ ከ12 ሳምንት እንዳያልፍ አሳስቧል። አንዳንድ አሠሪዎች በቅርብ ዓመታት የጨመሩት ጥቅም ይህንን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። ሠራተኛዋ ግፊትን ወይም እንቅስቃሴን የሚለካ አነስተኛ ሴንሰር ይላክላታል፤ ውጤቱን በስልኳ ታያለች፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ከሩቅ ሆና ትከታተላታለች። ሐሳቡ የኬግል ሐሳብ ነው፤ የቀስቱን ቦታ የስልክ መስታወት ወሰደው እንጂ።

የጡንቻው ዘመንና የከፋዩ ዘመን

ከዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ እንቆቅልሽ እናገኛለን። የተጎዳ የዳሌ ወለል ከባድ ዋጋውን የሚያስከፍለው በወሊድ ማግስት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው አንዲት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በሽንት ማምለጥ ወይም በማኅፀንና ፊኛ መውረድ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የመደረግ ዕድሏ 20 በመቶ ነው። በአንጻሩ በጥር 2024 በተሰበሰበ የአሜሪካ የሥራ መረጃ መሠረት ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ አሁን ካሉበት አሠሪ ጋር የቆዩት ከ3.9 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው። እንግዲህ ዛሬ ለሥልጠናው የሚከፍለው አሠሪና ከ30 ዓመት በኋላ የቀዶ ሕክምናው ወጪ የሚቀርለት አካል የተለያዩ ናቸው። ሕብረ ሕዋሱ የሚለወጠው በአሥርተ ዓመታት ነው፤ ከፋዩ ግን የሚለወጠው በጥቂት ዓመታት ነው።

ይህን ከፈረንሳይ ጋር ስናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በፈረንሳይ ከወሊድ በኋላ በሐኪም ወይም በአዋላጅ ትእዛዝ የሚሰጠውን የዳሌ ወለል ማገገሚያ ሥልጠና ወጪ ብሔራዊው የጤና መድን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሴቲቱ ሥራ ብትቀይርም መድኑ አይቀየርም። ዛሬ ለሥልጠናው የሚከፍለው አካልና በስተርጅናዋ የሚያሳክማት አካል አንድ በመሆኑ ከሥልጠናው የሚገኘው ጥቅም ተመልሶ ወደ ከፋዩ ይመጣል።

ይህ ሲባል ግን የአሠሪው ክፍያ ለአሠሪው ትርፍ የለውም ማለት አይደለም። የሥልጠናው ውጤት የሚታየው በ3 ወር ገደማ ውስጥ ስለሆነ ሠራተኛዋ ገና በሥራዋ ላይ ሳለች ጥቅሙ ይገኛል። ሳትሳቀቅ የምትሠራ፣ ዕቃ ለማንሣት የማትፈራ፣ ከሥራ የማትቀር ሠራተኛ ለማንኛውም ድርጅት ሀብት ናት። ችግሩ ይህ ትርፍ በሒሳብ መዝገብ ላይ ራሱን ችሎ የማይታይ መሆኑ ነው። ሥራዋን የለቀቀች ሴት ምክንያቷን ስለማትናገር ጉዳቱ ከማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ያልተለካ ነገር ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

በእኛ አገር

በአገራችን ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የዳሌ ጉዳት በይበልጥ ፊስቱላ ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡትና በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የሠሩት ሥራ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጉዳቶች መለየት ያሻል። ፊስቱላ የሚፈጠረው በተራዘመ ምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ ሕብረ ሕዋሱን ከአጥንት ጋር ለረጅም ሰዓት ተጭኖ የደም ዝውውሩን ሲያቋርጥና የተጎዳው ሕብረ ሕዋስ ሞቶ ሲወድቅ ነው። ይህ ቀዳዳ በሥልጠና አይደፈንም፤ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። የዳሌ ወለል መላላት ግን በሰላም በወለደች፣ ሥራዋንም በምትሠራ ሴት ላይ ሊደርስ ይችላል። ከጫካ እንጨት ተሸክማ በምትወርድ እናት ላይም ሆነ በፋብሪካ ወይም በጽሕፈት ቤት በምትሠራ ሴት ላይ የፓስካል ሕግ አንድ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል። አንባቢ እንደሚያስተውለው 90 ቀን ማለት ከላይ የጠቀስነው የ3 ወር ሥልጠና ርዝመት ነው። ጊዜውን ሕጉ ሰጥቷል፤ የሚጎድለው በዚህ ጊዜ ውስጥ እናቲቱን የሚያስተምር፣ ጡንቻዋን በትክክል ማኮማተሯንም የሚያረጋግጥ ባለሙያ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ደግሞ ሠራተኛውና አሠሪው በጋራ የሚያዋጡበትን መንገድ ዘርግቷል። መዋጮው የሚገባው ወደ እያንዳንዱ ድርጅት ካዝና ሳይሆን ወደ አንድ የጋራ ቋት በመሆኑ፣ የከፋዩ ዘመን ከጡንቻው ዘመን ጋር ሊመጣጠን የሚችልበትን ዕድል በውስጡ ይዟል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከሚሸፈኑት አገልግሎቶች መካከል የዳሌ ወለል ሥልጠና እንዲገባ መጠየቅ እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ለዚህ ግን አስቀድሞ ዝምታው መሰበር አለበት። ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ ሐኪም፣ አዋላጅ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሆኑ አሉ፤ ስለ ሽንት ማምለጥ እናቲቱ እስክትናገር ሳይጠብቁ ራሳቸው ቢጠይቁ ብዙ ሴቶችን ያሳርፋሉ። መሐንዲስ የሚሆኑም አሉ፤ የኬግልን የግፊት መለኪያ በአገር ውስጥ በርካሽ ዋጋ መሥራት ለአንድ የመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ርእስ ነው። አሠሪ የሚሆኑም አሉ። የጠፍር አልጋ ባለቤት ጠፍሩ መላላት ሲጀምር ያስወጥረዋል፤ እስኪበጠስ አይጠብቅም።